«የቱ ሳይክል ይሻላል?» ብላችሁ አትጠይቁኝ

ባለፈው እሁድ እኛ የጅማ ሳይክል ነጂዎች ከቦዬ ረግረግ ማዶ ስንመለስ ሦስት ሰው ዳገት ላይ ቀረብን። የአንዱ ጎማ ፈነዳ። የአንዱ ካቴና ወለቀ። የሦስተኛው ሳይክል ምንም አልሆነም፤ የቀረው ራሱ ሰውየው ነው። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ውስጥ ጥያቄው ስለበዛ ጋሼን ለምነን አንድ ምሽት በቡድናችን የስልክ ቻት ላይ አስቀመጥናቸው። ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ጅማ መርካቶ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አነጋገራቸው ኮምጠጥ ይላል፤ አትቀየሙ። የተባለውን ብዙም ሳልነካካው አቅርቤዋለሁ። ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ነው የጠራኋቸው።

ጋሼ፦ እሺ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ፍሬኑን ሳያይ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እኔን ባይጠይቀኝ ይሻላል። ቀጥሉ።

ከቆጪ፦ ሰላም ጋሼ። ተማሪ ሳለሁ በደንብ እነዳ ነበር። አሁን 38 ዓመቴ ነው፣ ቦርጭም መጥቷል። እንደገና ልጀምር ነው። የቱ ሳይክል ይሻላል?

ጋሼ፦ ለምን? የት ልትነዳው? ቤትህ ሳይክል የለም?

ከቆጪ፦ አንድ አሮጌ ማውንቴን፣ ሰፊ ጎማና ማርሽ ያለው ሳይክል አለ። አራት ዓመት ዕቃ ቤት ተቀምጧል።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ልትገዛ ነው? አውጣው እንጂ! መጀመሪያ ጎማውን በጣትህ ቆንጠጥ አድርገው። ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ጎማው አልቋል፤ አየር ቢይዝም አትመነው። ቀጥሎ የፍሬኑን ጎማ እይ። ቁጭ ሲል ይደርቃል፤ ደርቆ ቸርኬው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ይቀየር። የፍሬኑ ገመድ ከዝገት ጋር እየተጎተተ ከሆነ እሱም ይቀየር። ጎማውን በእጅህ አዙረህ ልቀቀው። እየፈጨ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ግሪስ ይፈልጋል። ይኸው ነው። ከአዲስ ሳይክል ጋር ሲተያይ ወጪው ምንም አይደለም።

አነዳዱን ደግሞ ስማ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንድ ቀን እየዘለልክ፣ ሜዳ ሜዳውን ንዳ። ማርሹን ቀለል አድርገው። እየነዳህ ከጓደኛህ ጋር ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የድሮ እግሩን አስቦ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይመለሳሉ፣ ጉልበትና ጅማት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው እሁድ ሰርቦ ደርሼ እመለሳለሁ ያለ ሁሉ በሁለተኛው እሁድ አልጋ ላይ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ፦ ጋሼ፣ እኔ ከነዳሁ በኋላ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል።

ጋሼ፦ ኮርቻህ ዝቅ ብሏል፣ ወይም ከባድ ማርሽ እየረገጥክ ነው። ግድግዳ ተደግፈህ ኮርቻው ላይ ተቀመጥ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ወደ ታች መጨረሻ ድረስ ስታወርደው እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርህ ፊት ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ ይላል። ልኩ እሱ ነው። የኮርቻውን ቱቦ ስታወጣ ግን ላዩ ላይ ያለውን የመጨረሻ ምልክት እንዳታልፍ፤ ይሰበራል። ሕመሙ ካልተወህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ እኔ የሳይክል ነኝ።

ከአጂፕ፦ እኔ የገጠመኝ ሌላ ነው። ጎማዬ 26 ነው። አዲስ 26 ገዛሁ። አልገባ አለ። ጎሚስታው «በመዶሻ ይገባል» ብሎ ሲታገል ዋለ።

ጋሼ፦ በመዶሻ! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሁላችሁም ስሙ።

26 የሚባል አንድ ልክ የለም። ያ ቁጥር የጎማውን የውጭ ስፋት በኢንች በግምት የሚናገር የድሮ ስም ነው። ማውንቴኑ 26 በ1.95 የሚባለው አለ። ቀጭኑ የከተማ ሳይክል 26 በ1⅜ የሚባለውም አለ። ሁለቱም 26 ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ግን በፍፁም አይገባም። ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 50-559 ይላል። የመጀመሪያው የጎማው ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ማውንቴኑ 559 ነው። ቀጭኑ ከተሜ 590 ነው። ልዩነቱ 31 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። መዶሻ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይጨምርም!

28ም እንደዚያው ነው። የፊኒክሱ፣ ማርሽ የሌለው የድሮው ሳይክል፣ 28 በ1½ ሲሆን 635 ነው። አሁን 700 የሚሉት የእሽቅድምድም ጎማ ደግሞ 622 ነው። ሻጩ «28 ነው» ካለህ «ሌላውን ቁጥር አሳየኝ» በለው። ቁጥሩ ከሌለ አሮጌውን ጎማ ይዘህ ሂድና አስተያየው። አንተ አጂፕ፣ አሮጌው ጎማህ ላይ ምን ይላል?

ከአጂፕ፦ ቤት ነው ያለው። ስገባ አየዋለሁ።

ከሂርማታ፦ ጋሼ፣ የቱ ሳይክል ይሻላል?

ጋሼ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ከጅሬን፦ እኔ ቤቴ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ስሄድ ደስ ይላል። ስመለስ ገፍቼ ነው የምገባው። ቀላል ሳይክል ልግዛ?

ጋሼ፦ የሳይክሉ ክብደት ሳይሆን ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ነው ችግርህ። ቁጠረው። ፊት ትንሹ ስንት ጥርስ ነው? ኋላ ትልቁስ?

ከጅሬን፦ ፊት አንድ ብቻ ነው፣ 44። ኋላ 20።

ጋሼ፦ ፊኒክስ ነዋ! እንግዲህ አስብ። 44 ለ20 ሲካፈል 2.2 ነው። ፔዳሉን አንዴ ስታዞር ጎማው 2.2 ጊዜ ይዞራል። የ28ቱ ጎማ ዙሪያ ወደ 2.2 ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር ወደ 5 ሜትር ትሄዳለህ። ለሜዳ ግሩም ነው። ለጅሬን ዳገት ግን ድንጋይ እንደ መግፋት ነው። ፊት 24፣ ኋላ 28 ጥርስ ያለው ማውንቴን በአንድ ዙር 1.75 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው። ቀስ ይላል እንጂ ይወጣል። በደቂቃ 60 ዙር ብታዞር በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፈጣን እግረኛ ጋር እኩል፣ ግን ተቀምጠህ።

የማውንቴኑን ኋላ 34 ጥርስ ባለው መቀየርም ይቻላል። ግን የማርሽ መቀየሪያው ክንድ አጭር ከሆነ አይችለውም፣ ካቴናውም መርዘም አለበት። ሳታሳዩኝ አትግዙ። ስትወርድ ደግሞ ፍሬንህን እየው። ሁለቱንም ያዝ፣ ቂጥህን ወደ ኋላ ሳብ አድርግ። አንድ ፍሬን ብቻ ይዞ ከጅሬን የሚወርድ ሰው ዕድሜው እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው።

ከግንጆ፦ ከፊኒክስ ጋር ምን አላችሁ? አባቴ ጆንያ ቡና ጭኖበት ከየቡ ከተማ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ማርሽም አልነበረውም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ያን ጊዜ ሰው ጠንካራ ነበር። አሁን ባጃጅ ከበር ላይ ያነሳናል።

ከግንጆ፦ ፊኒክስ አይሰበርም። ይሄ ሰስፔንሽን፣ ሹካው ላይ ስፕሪንግ ያለው ማውንቴን ግን በዓመቱ ቆሻሻ ነው።

ከጅሬን፦ ወንድሜ፣ አንተ ሜዳ ላይ ነው የምትኖረው።

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግንጆ፣ ስለ ሰስፔንሽኑ ያልከው ትክክል ነው። ርካሹ ሹካ ክብደት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፤ ጭቃ ከገባው ደግሞ ይቆልፋል። ኮብልስቶን ላይ ከሱ የሚሻለው ሰፋ ያለ ጎማና መጠነኛ አየር ነው። ወደ ሌላ ጥያቄ።

ከሂርማታ፦ ጎማው ውስጥ ስንት አየር ይገባል?

ጋሼ፦ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 1.95 ጎማ ለመካከለኛ ሰው 40 PSI (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ በቂ ነው። የከባድ መኪና ጎሚስታ ጋ ግን አትውሰዱት! ያ ማሽን የአይሱዙ ጎማ ለመሙላት ነው። የሳይክል ከመነዳሪ ትንሽ አየር ነው የሚይዘው፤ ሁለት ሴኮንድ ካለፈ «ጧ!» ነው። የእጅ ፓምፕ ግዙ። እንደኔ ከልብስም ከመነጽርም በፊት የሚገዛው ዕቃ ፓምፕ ነው። ከሱ ጋር አንድ ትርፍ ከመነዳሪና መለጠፊያ። ያለፈው እሁድ መንገድ የቀረው ሰውዬ ሰምቷል?

ከመርካቶ፦ ሰምቻለሁ ጋሼ። ይቅርታ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ስለ ስልክ መያዣና ስለ ስማርት ሰዓት ምን ይላሉ?

ጋሼ፦ ምንም።

ከቦሳ ቂጦ፦ እኔ ሂጃብ ነው የማደርገው፣ ቀሚስም እለብሳለሁ። ሄልሜት ይሆነኛል? ቀሚሱስ ካቴና ውስጥ አይገባም?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ከሥር ስስ የጥጥ ሻሽ አድርጊ። ወፍራም ከሆነ ወይም ከኋላ ፀጉር ተቋጥሮ ካበጠ ሄልሜቱ ከፍ ይልና አይጠብቅም። የሻሹ ጫፍ ልብስሽ ውስጥ ይግባ። ሄልሜቱ ከቅንድብሽ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ እንጂ እንደ ባርኔጣ ወደ ኋላ አይሂድ። ያገለገለ ሄልሜት አትግዢ። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንዴ በደንብ ከተመታ ሥራው አልቋል፤ ከውጭ ግን አይታወቅም። ለቀሚሱ፣ ካቴናው ሙሉ ሽፋን ያለውና መሐል ብረቱ ዝቅ ያለው ሳይክል ይሻልሻል። ከሥር ሱሪ ካለ ደግሞ ሌላ ጭንቀት የለም።

ከሂርማታ፦ ቦዬ ጋ ጉማሬ አለ የሚሉት እውነት ነው? በማለዳ ልሄድ ነበር።

ከመርካቶ፦ አለ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከግንጆ፦ ከምርቃና በኋላ ነው ያየኸው።

ከመርካቶ፦ ምርቃና አላልኩም!

ከፈረንጅ አራዳ፦ እሱን ስታነሱ፣ ከመንዳት በፊት ትንሽ መቃም ብርታት አይሰጥም?

ከግንጆ፦ ለዳገት አንደኛ ነው።

ጋሼ፦ አይደለም። ጫት ልብህን ያለ ዳገትም ያስሮጠዋል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ድካምህንም ይደብቅሃል። ዳገቱ ላይ የምትወድቀው ስለደከምክ ሳይሆን ድካምህን ስላላወቅክ ነው። ቡናችሁን ጠጡ፣ ውሃ ያዙ። ጉማሬውን ደግሞ ለራሱ ተዉት፤ ውሃው ዳር ሄዶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው እኔ አልጠግንም።

ከዩኒቨርሲቲ፦ ማለዳ ውሾች ያባርሩኛል። ልፍጠን?

ጋሼ፦ አትፍጠን። ውረድ። ሳይክሉን በአንተና በውሻው መሐል አድርግና ቀስ ብለህ ሂድ። የሚሮጥ ነገር ነው የሚያባርሩት። ከነከሰህ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሄደህ ለክትባት ታይ።

ከቆጪ፦ ክረምት መጣ። ጭቃውን ምን እናድርገው?

ጋሼ፦ የጅማ ክረምትና ቀይ አፈር የካቴና ጠላት ናቸው። መጀመሪያ ፓራፋንጎ። ያለ ፓራፋንጎ ሳይክል በክረምት ጀርባህን የሚያበስል ድስት ነው። ከነዳህ በኋላ ጭቃውን በባልዲ ውሃና በብሩሽ አውርደው። የመኪና እጥበት ወስደህ በግፊት ውሃ አታስመታው፤ ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያጥበዋል። ካቴናውን በጨርቅ አድርቀህ በየቀለበቱ አንድ ጠብታ ዘይት አድርግ፣ ትርፉን ጥረግ። ከጋራዥ የተጣለ የተቃጠለ ዘይት የምትቀቡ ሰዎች እዚህ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ ጥርሱን ይፈጫል።

ካቴና መቼ ይቀየራል? ማስመሪያ አምጡ። አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሐል ልክ 12 ኢንች ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ካለፈ ካቴናውን ብቻ ቀይር። ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ጥርሱንም በልቶታል፤ ሁለቱንም ትከፍላለህ። እርጥብ ቸርኬ ላይ ፍሬን ቶሎ እንደማይዝ ደግሞ አትርሱ። በዝናብ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ከሂርማታ፦ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ የሚነዳው ሳይክል እዚህ ይገኛል?

ጋሼ፦ ቢንያም እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን ያሸነፈው፣ በነጥብ ለበለጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያም የወሰደው በእግሩ ነው። የኛም ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እዚያው ሲገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። ከዚያ በፊት በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞቻችን ተወዳድረዋል፣ እነ ገረመው ደንቦባ። እነሱ የነዱትን ሳይክል ዛሬ ብሰጥህ ትስቅ ነበር።

ከሂርማታ፦ እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ለኔ የቱ ይሻላል?

ጋሼ፦ …

ከቦሳ ቂጦ፦ ሂርማታ፣ ተው በናትህ።

ከፔዳል ጋር የታገለ፦ እኔ ፔዳል ልቀይር ብዬ የግራው አልፈታ አለኝ። በቧንቧ ጨምሬ ብገፋውም እየጠበቀ ሄደ።

ጋሼ፦ የግራ ፔዳል ብሎኑ ግልብጥ ነው። በሰዓት አዟዟር ስትሄድ ነው የሚፈታው። ብዙ የተበላ ክራንክ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ብረት፣ አይቻለሁ በዚህ ምክንያት። በቃ፣ እራት ሊቀርብ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ።

ከአጂፕ፦ ጋሼ፣ ቤት ገባሁ። አሮጌው 37-590 ይላል። አዲሱ 47-559።

ጋሼ፦ ይኸው! ነገ አዲሱን መልሰህ 590 ውሰድ። መዶሻ ለያዘው ሰውዬ ሰላም በልልኝ።