ለአራት ቀን ሎዋር ሸለቆ፦ ከአስሩ ግንብ አራቱ ይበቃሉ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እንቁጣጣሽን ካከበራችሁ በኋላ፣ በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ከፍራንክፈርት ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለው ሎዋር ሸለቆ ልትሄዱ ነው። አራት ቀን አላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ። ባለቤትሽ ወይን መቅመስ ይፈልጋል። የአስር ግንብ (የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት መኖሪያ) ስም ዘርዝረሽ "የቱን እናስቀድም? መኪና እንከራይ ወይስ ባቡር ይበቃናል?" ብለሻል።

እኔ የምኖረው ፓሪስ ነው። ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ ከከተማው ቀጥሎ የምወስደው ወደ ሎዋር ነው። አካባቢውን በጣም ስለምወደው፣ ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ሲሯሯጥ ከርሞ ደክሞት ሲመለስ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከአስሩ አራቱን ብቻ ያዢ፦ አምብዋዝ፣ ሸኖንሶ፣ ሻምቦርና ቪላንድሪ። ጠዋት አንድ ግንብ፣ ከሰዓት ወንዝ፣ ገበያ ወይም ወይን። ግንብ በግንብ ላይ ሲደራረብ በሁለተኛው ቀን አልጋውም፣ ምንጣፉም፣ የንጉሡ ሥዕልም አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል። እናትሽም "ይሄን ትናንት አላየነውም እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም።

ማደሪያችሁን አምብዋዝ ከተማ አድርጉት፤ ሁሉንም ሌሊት እዚያው እደሩ። ሻንጣ እየጎተቱ በየቀኑ ሆቴል መቀየር ለእናትሽ አይሆንም። ቱር ትልቅ ከተማ ናት፣ ባቡርም ይበዛባታል። አምብዋዝ ግን ትንሽ ናት፤ ግንቡ ከከተማው በላይ ነው፣ ወንዙ ከሥር። ከሆቴል ይልቅ ኩሽና ያለው አፓርታማ ተከራዩ። ምክንያቱን ስለ ጾሙ ስጽፍ ታዪዋለሽ።

ከፍራንክፈርት ፓሪስ «ጋር ደ ሌስት» የሚባለው ጣቢያ ድረስ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ ተሻገሩ። ሜትሮ አምስት ቁጥር ቀጥታ ይወስዳል፤ ሆኖም ከእናትሽና ከሻንጣ ጋር ታክሲ ይሻላል፤ የሜትሮው ደረጃ ጉልበት አይምርም። ከኦስተርሊትዝ አምብዋዝ ድረስ ሳትቀይሩ የሚያደርስ ባቡር አለ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

የመጀመሪያው ቀን እዚያው አምብዋዝ ይሁን። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1516 ንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ ጋብዞት የመጣው እዚህ ነው። ክሎ ሉሴ በሚባለው ቤት ተቀምጦ በ1519 እዚያው አረፈ። መቃብሩም ግንቡ ቅጥር ውስጥ ባለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ነው ይባላል። እናትሽ ጸሎት ቤቷን የሚወዷት ይመስለኛል። ወደ ግንቡ መውጫው ግን ዳገት አለው፤ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

በሁለተኛው ቀን ሸኖንሶ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትዪኝ ሳላቅማማ እሱን ነው የምልሽ። የቆመው ሎዋር ላይ ሳይሆን ሸር የሚባለው ገባር ወንዝ ላይ ነው። ዲያን ደ ፑዋትዬ የምትባለው የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ወዳጅ ድልድዩን አሠራች። ንጉሡ ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ዲያንን አስወጥታ ግንቡን ወሰደች፤ ድልድዩ ላይም 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ገነባችበት። አዳራሹ ውስጥ ስትሄዱ በግራም በቀኝም ወንዝ ነው። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ንጣፍ ነው፣ ጠዋት የውኃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይጫወታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይኸው አዳራሽ የቁስለኞች ሆስፒታል ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ጀርመኖች የያዙትንና ያልያዙትን ፈረንሳይ የሚለየው መስመር በሸር ወንዝ ያልፍ ስለነበር፣ ግንቡ አንዱ በሩ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ሆኖ ነበር። ይህን ለእናትሽ እየነገርሽ አስጎብኛቸው። አዳራሹ ከመግቢያው ጋር አንድ ወለል ላይ ስለሆነ ደረጃ አያስቸግራቸውም። ኩሽናው ግን ከታች፣ ድልድዩ ምሰሶ ውስጥ ነው፤ የመዳብ ድስቶቹን ለማየት ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። የየክፍሉን አበባ የሚያሰናዱት የግንቡ የራሱ ባለሙያዎች ናቸው፤ እናቶች እሱ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ቲኬቱን በኢንተርኔት ገዝታችሁ ልክ በሩ ሲከፈት ድረሱ። ከአምብዋዝ ቱር ሄዳችሁ፣ ከቱር የሚነሳው ባቡር ግንቡ አጠገብ ያወርዳችኋል፤ ለዚህ ቀን መኪና አያስፈልግም።

መኪና ለሁለት ቀን ብቻ ተከራዩ፤ አንዱን ለሻምቦር፣ ሌላውን ለቪላንድሪ። ሻምቦር ትልቅነቱ ሌላ ነው። በ1519 ተጀመረ፤ ዙሪያውን 32 ኪሎ ሜትር የድንጋይ አጥር ያጠረው ደን አለው። መሀሉ ላይ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች ተጠማዝዘው ይወጣሉ፤ አንቺ በአንዱ ስትወጪ ባለቤትሽ በሌላው ቢወርድ በመስኮቶቹ ትተያያላችሁ እንጂ አትገናኙም። ክፍሎቹ ባዶ ቢመስሏችሁ አይግረማችሁ። የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ነገሥታት እንደ እኛ የቀድሞ ነገሥታት ከነድንኳናቸው፣ ከሠራዊቱና ከጓዙ ጋር ከቦታ ቦታ የሚዞሩ ነበሩ፤ ዕቃው አብሮ መጥቶ አብሮ ይሄዳል። እናትሽ ጣሪያው ድረስ መውጣት ካልቻሉ ከፊት ለፊቱ ባለው ውኃ ዳር መቀመጥ ብቻውን ይበቃል።

ቪላንድሪ የአትክልት ቦታው ነው ዋናው። ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ዱባው በቀለም እየተለየ እንደ ጥልፍ ተተክሏል። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ዱባው የደረሰበት ጊዜ ነው። አንድ የማሳስብሽ ነገር፦ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ በመላው ፈረንሳይ የቅርስ ቀናት ናቸው። ብዙ ቦታ በነጻ ወይም በርካሽ ይከፈታል፣ ሰውም ይጎርፋል። ቀናችሁ ከዚያ ጋር ከገጠመ ሻምቦርንና ሸኖንሶን ከቅዳሜና እሁድ አውጡ።

ወይኑን በሚመለከት፣ ባለቤትሽ የጻፈው ሳንሰር የሚባለው የወይን ቦታ ይቅር። ስሙ ከሎዋር ወይኖች ጋር ይነሳ እንጂ ከአምብዋዝ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል። ቩቭሬ የሚባለው የወይን መንደር ግን ቅርባችሁ ነው። እዚያ የሚተከለው ሸናን የሚባለው ነጭ ወይን ነው፤ ከአንዱ ፍሬ ደረቅ (የማይጣፍጥ)፣ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭና አረፋ ያለው ወይን ይወጣል። ጠመቃ ቤቶቹ ነጩ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉ ዋሻዎች ናቸው፤ ውስጡ ይቀዘቅዛልና ለእናትሽ ጋቢም ቢሆን ያዙላቸው። ጠጅ ለለመደ ሰው ደረቁን አታስቀድሙ። "ደሚ ሴክ" (ለስለስ ያለው) ወይም "ሞየሉ" (ጣፋጩ) ብላችሁ ጠይቁ፤ ማር ማር የሚል ጣዕም አለው። ቀዩን የሚወድ ከሆነ ሺኖን የሚባለው ከተማ ይሻለዋል፤ ፈረንሳይን ለጦርነት ያነሳሳችው ወጣት ጃን ዳርክ በ1429 የፈረንሳይን አልጋ ወራሽ ያገኘችበት ግንብም እዚያው ነው። ግን ርቀት ስላለው የቪላንድሪን ቀን ሊበላባችሁ ይችላል።

ለመቅመስ በምትሄዱበት ቀን ማንም መሪ አይያዝ። ፈረንሳይ ውስጥ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው መጠን በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላለው 0.2 ብቻ። ሁለት ሦስት ቤት ከቀመሱ በኋላ ይሄ አያዋጣም። ከቱር የሚነሱ አነስተኛ አስጎብኚ ሚኒባሶች አሉ፤ አስቀድማችሁ ያዙ።

ጾሙ ላይ ልጨርስ። ትንንሽ ከተማ ውስጥ አትክልት ብለሽ ብታዢ ቅቤ ወይም አይብ ይዞ ይመጣል። ከአንድ ቀን በፊት ደውለሽ "ቬጋን" በዪ፤ ይሄኛው ይገባቸዋል። ምሳ በፈረንሳዮቹ አቆጣጠር ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት (በእኛ ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት) ብቻ ነው፤ ካለፈ ኩሽናው ተዘጋ ነው የምትባሉት። ዓርብ ጠዋት ደግሞ አምብዋዝ ወንዙ ዳር ገበያ ይቆማል፤ እሁድም እንዲሁ። ቲማቲሙን፣ ወይራውን፣ በለሱን፣ ትኩሱን ዳቦ ገዝታችሁ አፓርታማው ውስጥ ሽሮ ብትሠሩ እናትሽ ጾማቸውን ሳይቸገሩ ይውላሉ። ሽሮውን ከፍራንክፈርት መያዝ አትርሺ፤ እዚያ አታገኚም።

አራቱ ቀናት ከየትኛው ቀን እንደሚጀምሩ ጻፊልኝ፤ ረቡዕንና ዓርቡን አይቼ የቱን ግንብ በየትኛው ቀን እንደምታደርጉ አስተካክልልሻለሁ።