ቅጥቅጥ ስትገዙ ከቀለሙ በታች እዩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ 22 የማኅበር አባላት ለቁልቢ፣ ለግሸንና ለደብረ ሊባኖስ ጉዞ የራሳቸውን መኪና ሊገዙ ገንዘብ አዋጥተዋል። የኮስተር ዋጋ አልቀመስ አላቸው። ስለዚህ ቦዲው እዚሁ አገር የተሠራ፣ አይሱዙ ኤን ፒ አር ላይ የቆመ ቅጥቅጥ እየፈለጉ ነው። ሁለት አግኝተዋል። አንዱ 30 መቀመጫ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ «ሰፋ እንዲል ከኋላ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የስር ብረት) ተቀጥሏል» ብሏቸዋል። ሌላው 25 መቀመጫ ነው፤ ሻንሲው ያልተነካ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። የመጀመሪያውን ወደውታል፤ ትርፉን ወንበር እያከራዩ ነዳጅ ሊሸፍኑበት አስበዋል።

እኔ ብሆን ቀለሙ የደበዘዘውን ነው የምገዛው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ኤን ፒ አር ከፋብሪካ ሲወጣ የጭነት መኪና ነው። ክብደቱ በፊትና በኋላ እግሩ መካከል እንዲያርፍ ተብሎ የተሠራ ነው። ከኋላ እግሩ አልፎ ሁለት ረድፍ ወንበር ሲጨመርበት ጭራው ይከብዳል፣ ፊቱ ይቀላል። ፊቱ ሲቀል የፊት ጎማው መንገዱን በደንብ አይይዝም፣ መሪውም አይታዘዝም። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም። በደሴ መንገድ ያለውን የጣርማበርን ዳገት ስትወጡ ወይም ወደ ግሸን በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ግን ሹፌሩ ወዲያው ያውቀዋል።

የተቀጠለ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። በሰያፍ ተቆርጦ የተበየደ፣ ከውስጥ ማጠናከሪያ ብረት የገባለት ሻንሲ ዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በጥቁር ቀለም የተሸፈነው ነው የሚያስፈራኝ። ከስር ገብታችሁ ካላያችሁ ደግሞ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ስለዚህ የምትገዙትን መኪና ጋራዥ ወስዳችሁ ጉድጓዱ ላይ አቁሙት። ባትሪ ይዛችሁ ግቡ። መጀመሪያ ቦዲው ከሻንሲው ጋር እንዴት እንደተያያዘ እዩ። ጥሩ ሠራተኛ በመሀሉ እንጨት ወይም ጎማ አስገብቶ በስታፋ (በዩ ቅርጽ ማሰሪያ ብረት) ያስረዋል። ሰነፉ የቦዲውን ብረት በቀጥታ ሻንሲው ጠርዝ ላይ ይበይደዋል። የሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ ላይ መበየድም መብሳትም አይገባም፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በብየዳው ዙሪያ ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ ቀለሙን ፋቁት። ሻጩ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ቦዲውን ደግሞ በበር ፈትኑት። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አውጡትና የተሳፋሪውን በር ክፈቱ፣ ዝጉ። በሩ ከያዘ ወይም ካልገጠመ ቦዲው እየተጠማዘዘ ነው። የፊት መስታወቱ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ካለም ያው ችግር ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አንሸራትቱ። የማይዝበት ቦታ ከስሩ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ) ተሞልቷል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ይህን ነው።

ወንበሮቹን ነቅነቅ አድርጉ። ቡሎኑ ከወለሉ በታች ብረት ካልያዘና ኮምፔንሳቶ (የተደራረበ ስስ እንጨት) ላይ ብቻ ከተሰካ፣ በግጭት ጊዜ ወንበሩ ከነሰውየው ነው የሚነቀለው።

አሁን ወደ ፍሬን ልምጣ፤ እዚህ ላይ መቸኮል የለም። የኤን ፒ አር ፍሬን በዘይት የሚሠራ፣ በቫኪዩም (አየር በመሳብ ፔዳሉን በሚያቀልል መሣሪያ) የሚታገዝ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ረግጦ ከወረደ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መኪናውን እንደገዛችሁ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ። ሻጩ «ባለፈው ተቀይሯል» ቢላችሁም አስቀይሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህን ሞክሩ። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ቫኪዩሙ አይሠራም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ ዘይት የሚያሳልፍ ቦታ አለ። የጭስ ማውጫውን የሚዘጋው ኤግዞስት ብሬክ መሥራቱንም በጆሯችሁ አረጋግጡ። ብዙ ባለመኪና ሲበላሽበት ነቅሎ ይተወዋል። ያለ እሱ ቅጥቅጥ ይዤ ዓባይ በረሃ አልወርድም።

ሞተሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ተርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ያለውን ካገኛችሁ ምረጡ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ከፍ ያለውን ጣሪያ በተመለከተ፣ ለዓይን ያምራል እንጂ ጠመዝማዛ ላይ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ሲጨመርበት ይብሳል። ከገዳም ስትመለሱ የምትጭኑትን ጠበል አስቡት። 25 ሊትር የሚይዝ 20 ጀሪካን ግማሽ ቶን ነው። እሱን ጣሪያ ላይ አትስቀሉት፤ ወለል ላይ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማው መካከል ደርድሩት።

የኪራዩን ሐሳብ ተዉት። መጀመሪያ ሊብሬውን ክፈቱ። የሻንሲ ቁጥሩ ሻንሲው ላይ ከተቀጠቀጠው ጋር አንድ መሆኑን፣ የመቀመጫው ቁጥርም ከውስጥ ካለው ወንበር ጋር መግጠሙን እዩ። በኋላ የተጨመረ ወንበር መንገድ ላይ ከትራፊክ ጋር ያጋጫችኋል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ይሆናል። ሹፌራችሁም ለመቀመጫው ቁጥር የሚመጥን የሕዝብ መንጃ ፈቃድ ይኑረው።

ቀለሙ የደበዘዘውን ስትገዙ ከዋጋው ላይ የምታተርፉት ገንዘብ ካለ ስድስት ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ሞላ) ጥገና ላይ አውሉት። ባሌስትራ ቅጠል ጨምሩልኝ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁ። ቅጠል መጨመር መኪናውን ያደነድነዋል እንጂ ሻንሲውና አክሱ የሚችለውን ክብደት አይጨምርም።

የመጀመሪያ ጉዟችሁ ግሸን አይሁን። ደብረ ሊባኖስ ይሁን፤ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትመለሱ በማግስቱ ጋራዥ አስገቡትና የቦዲውን ስታፋዎችና የጎማውን ዳዶዎች በሙሉ በድጋሚ አስጠብቁ።