ሰፈሩ ሲነሳ እድሩን ያዙ

ከውጭ አገር መጥታችሁ ከቦሌ አየር ማረፊያ «ካዛንቺስ» ብላችሁ ብትሳፈሩ ሾፌሩ ያደርሳችኋል። ሰዉን ግን እዚያ አታገኙትም። ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው በ2016፣ ከካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ከተነሳው ነዋሪ ብዙው ዛሬ ገላን ጉራን በመሳሰሉ የከተማዋ ዳር ሳይቶች ነው የሚኖረው። ግቢያችሁ የነበረበትን ቦታ ፎቶ ልታነሱ ከመሄዳችሁ በፊት እድሩ የት እንደገባ ጠይቁ። «የሰፈራችን ሰው» ማን እንደሆነ ተጽፎ የሚገኘው የእድሩ መዝገብ ላይ ነው።

ሰው ሲበተን እድርን መጀመሪያ የሚያሰናክለው ርቀት ነው። የጡሩምባው ድምፅ ገላን ጉራ አይደርስም፤ የቀብሩ ሰዓት በስልክ ካልተነገረ ሰው ይቀራል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ አንድ ቤት ታጭቆ ይቆይና ለቅሶ ሲመጣ «የመኪናውን ኪራይ ማን ይክፈል» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። የባንክ ሂሳቡ ፈራሚዎች ሦስት ቦታ ከተበተኑ ደግሞ ለቀብር የሚሰጠው ገንዘብ በሰዓቱ አይወጣም። ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን ስታገኙ እነዚህን በቀጥታ ጠይቁ፤ ያገር ሰው አይቀየምም።

የውጭ አገሩ ልጅ ጥፋት ብዙውን ጊዜ መዋጮው ላይ ነው። ብሩን ከጤፉና ከመብራቱ ጋር ቀላቅሎ ለአንድ ዘመድ ይልካል፤ ዘመድየው ጤፉን ያስቀድማል። ለተከታታይ ወራት ያልተከፈለለት ስም ይሰረዛል፤ ስንት ወር እንደሚታገሥ ደንቡ ላይ አለና የደንቡን ገጽ በስልክ አስነሱ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ፣ በእናት ወይም በአባት ስም አስከፍሉና ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ ያዙ። እናት ካለፉ ስሙ ወደ ማን እንደሚዞር በሕይወት እያሉ ይጻፍ።

በአዲሱ ሳይትም እድር ይቋቋማል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ቀድሞ ለተገዛው ዕቃ ድርሻውን መክፈሉ የተለመደ ነው፤ ከተመዘገበ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ጥቅም አያገኝም። ያ ጊዜ እስኪያልፍ ለአሮጌውም ለአዲሱም እድር ክፈሉ።

ወላጆች ከአሮጌው ወረዳ መሸኛ ወስደው በአዲሱ መመዝገባቸውን አረጋግጡ፤ አዛውንት ይህን እያቆዩ ጉዳይ ሲገጥማቸው ይቸገራሉ። አድራሻ ስትይዙ የሳይቱን ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩን በአንድ ላይ ጻፉ። ብሎኮቹ ይመሳሰላሉ፤ በምሽት የገዛ ልጅም ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳር አገሩን «ባዶ ሜዳ ነበር» አትበሉ። ገላን የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነው፤ ሌላው የዳር ሰፈር ቱሉ ዲምቱም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እናታችሁ አዲስ ገቢ የሆኑበት መሬት የገበሬ ማሳ ነበር፤ ልጆቹም ምናልባት እዚያው እድር ውስጥ ይኖራሉ። ለቅሶ ስትደርሱ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) ብላችሁ ግቡ።