ድንኳኑ ሳይወጣ ያደረበት ሌሊት

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ አራዳ አካባቢ የሚገኝ እድር ጸሐፊ ነኝ። በሰፈራችን ተከራይታ የምትኖር፣ ቅዳሜ ገበያ እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ከሁለት ሳምንት በፊት የ17 ዓመት ልጇ ሞተባት። የእድሩ አባል ስላልነበረች ድንኳንም ወንበርም አላገኘችም፤ ጎረቤቶቿ ከአጥሩ እስከ ጣሪያው ሸራ ወጥረው ለቀስተኛውን ተቀበሉ። መዝገቡን ገልጬ «ደንቡ አይፈቅድም» ያልሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ከኪሴ 500 ብር ብሰጣትም ሕሊናዬ አላረፈም። ደንብ ማክበሬ ጥፋት ነውን?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ የሚያዘው ከዚያ ሸራ ላይ ነው። የእድሩ ድንኳን ተጣጥፎ በተቀመጠበት ሰፈር ሐዘንተኛ በሸራ ሥር ስታድር ማየት ለእርስዎም ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ብቻዎን ደንቡን ባለመጣስዎ አልወቅስዎትም፤ ለዓመታት ያዋጣውና ያላዋጣው እኩል የሚስተናገዱበት እድር ካዝናው ሲራቆት፣ ቀድመው የሚጎዱት ሌላ መጠጊያ የሌላቸው ድኾች አባላቱ ናቸው።

ጥያቄው ያቺ እናት ስለ ምን አባል አልሆነችም የሚለው ነው። በብዙ እድሮች አዲስ አባል የሚከፍለው የወሩን መዋጮ ብቻ ሳይሆን፣ ነባሮቹ ባፈሩት ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ልክ የተሰላ መመዝገቢያ ጭምር ነው። ለነባሩ አባል ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ንብረቱ በጨመረ ቁጥር መግቢያው ስለሚወደድ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምርባት ሰፈር ለምትቀይር ሴት የማይዘለል አጥር ይሆንባታል። በአታ ቤተ ክርስቲያን ለአቋቋም ትምህርት የመጣ የቆሎ ተማሪ በደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል አባልነቱን የሚጠይቀው የለም፤ ርኅራኄ በጎንደር አልጠፋም። ለእርሷም ሸራ የወጠረላት አላጣችም፤ ያጣችው በመዝገቡ ላይ ስሟን ነው። የእርስዎ 500 ብር መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም ስጦታ በሰጪው ፈቃድ የተንጠለጠለ ስለሆነ መብትን አይተካም።

መፍትሔው ከአገራችን ልማድ የራቀ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ በተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ተለይተው መዋጮአቸውን መንግሥት እየሸፈነላቸው አባል ይሆናሉ። እድራችሁም መመዝገቢያውን በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ ፈጽሞ ለማይችሉት ደግሞ ከጋራው ገንዘብ እንዲሸፈን በጠቅላላ ጉባኤ ሊወስን ይችላል። አደራ የምልዎት ግን ስማቸው በጉባኤ ፊት እንዳይነበብ ነው። ባሏ የሞተባት እናቴ የሦስት ወር ውዝፍ ኖሮባት ስሟ በተነበበ ጊዜ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ስታቀረቅር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ዕዳው በማግሥቱ ተከፈለ፣ እርሷ ግን ከዚያ በኋላ ስብሰባ ሄዳ አታውቅም።

የደንብ ማሻሻያው ጊዜ ይወስዳል። የልጁ ዐርባ ግን ገና አልደረሰም፤ ለዚያ ቀን ድንኳኑን በውሰት እንዲፈቅዱላት የእድሩን ዳኛና ኮሚቴውን ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ ሲፈቅዱም መልእክቱን እርስዎ ራስዎ ይዘው ወደ ቤቷ ይሂዱ።