መልስ፦ የ3 ዓመት ተኩል ልጅ እግር ወደ ውጭ ሲቀስት አጥንቱ መቆረጥ አለበት?

የልጅዎ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ስለቀሰተ «ተቆርጦ ይስተካከል» መባልዎን አነበብኩ። እስከ 2 ዓመት ገደማ የሁለቱም እግር መቅሰት የተለመደ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ፣ ያውም አንዱ ብሶ ሲቀጥል ግን ብላውንት የሚባለውን፣ ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ውስጠኛ ጎን እድገት የሚዛባበትን በሽታ ያስጠረጥራል።

በቅድሚያ ቆሞ፣ ጉልበቱ ፊት ለፊት ሆኖ የተነሳ ራጅ መኖሩን ያረጋግጡ፤ እግሩ ዞሮ የተነሳ ራጅ ያሳስታል። የካልሲየም፣ የፎስፌትና የቫይታሚን ዲ ምርመራም አይቅር። ሪኬትስ (በእነዚህ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ከሆነና በመድኃኒት ካልታከመ የተቃናው አጥንት ተመልሶ ይጎብጣል።

ብላውንት ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ከ4 ዓመት በፊት መሠራቱ ይመረጣል፤ ሲዘገይ ተመልሶ የመቅሰት ዕድሉ ይጨምራል። ቲቢያ (ትልቁ የቅልጥም አጥንት) የሚቆረጠው አጥንቱ ከሚያድግበት ስስ ክፍል በታች ነው። ከጎኑ ያለው ቀጭን አጥንት፣ ፊቡላም አብሮ ይቆረጣል፤ አለዚያ እንደ ምሰሶ ገትሮ አላቃና ይላል። አጥንቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ከሆነም በዚያው ይመለሳል፤ ከዚያ በሽቦ ተይዞ ጀሶ ይደረግለታል። ሐኪሙ ሆን ብሎ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ተቃራኒው ቢያሳልፈው አይደንግጡ፤ የመመለሱን ዝንባሌ ለመቅደም ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀን ነው። በማስታገሻ የማይበርድ፣ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅሱለት የሚብስ ሕመም ካለ በጡንቻው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ጀሶው ይከፈት፣ ሐኪም ይጠራ፣ «እስኪነጋ» አይባል። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተውም ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይናገሩ።

በትንሽ ፕሌት (የብረት ሳህን) እና 2 ብሎን እድገቱን በአንድ ጎን ገትቶ ማቃናትም አለ። አጥንት አይቆረጥም፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ በየ3 ወሩ ገደማ ክትትል ይፈልጋል፣ እግሩ ሲቃና ፕሌቱ በጊዜው ካልወጣ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ያጎብጣል።