መጀመሪያ ማዕዘኑን እዩ

ልጆቼ፣

ፀጉሬ የሸበተው ደሴ ላይ፣ በዓይን ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ግላኮማ የሌዘር ሕክምና ይህን የምጽፈው ሙያውን ገና ለያዛችሁ ቢሆንም እናት አባቱን ይዞ ከደጃችን ለሚሰለፍ ወጣትም ይሆናል።

ከኮምቦልቻ የሚመላለሱ አንድ ግላኮማ (አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ግፊት የተነሣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለባቸው አባት ነበሩ። የዓይናቸው ግፊት መጀመሪያ 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነበር፤ በጠብታ ወደ 19 ወረደ፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ 30 ሆነ። «አባባ፣ መድኃኒቱን ትተውታል እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተቋጠረች ብልቃጥ አውጥተው ሰጡኝ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየኋት፤ ገና አላለቀችም። በወር ማለቅ የነበረባትን በሦስት ቀን አንዴ እየጨመሩ አራተኛ ወሯን አስይዘዋታል። «እንዳታልቅብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። መቆጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌዘር በየቀኑ የሚጨመረውን ጠብታ ሊተካ ስለሚችል፣ ስለ ሌዘር ሳስብ የምነሣው ከዚያች ብልቃጥ ነው። ሌዘር ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የዓይን ፈሳሽ የሚወጣው አይሪስ (የዓይን ባለቀለም ክፍል) ከፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ባለ ወንፊት መሰል ማጣሪያ በኩል ነው፤ ስለዚህ በጎኒዮስኮፒ (በልዩ መነጽር በሚደረግ ምርመራ) ማዕዘኑን ሳታዩ ስለ ሌዘር አታውሩ። ማዕዘኑ ጠብቦ ከተዘጋ የሚያስፈልገው አይሪስን የሚበሳው ሌዘር ነው። ክፍት ከሆነ ምርጫው በአርጎን ሌዘርና ኤስኤልቲ በሚባለው ሌላ የሌዘር ዓይነት መካከል ይሆናል። አርጎኑ ማጣሪያውን በሙቀት ይተኩሳል፤ ጠባሳ ስለሚተውም ደጋግሞ መሥራት አይመከርም። የኤስኤልቲ ጨረር የሚቆየው ለሰከንድ 3 ቢሊዮንኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቀለም ያላቸውን ሕዋሳት ነክቶ ዙሪያውን ሳያቃጥል ያልፋል። ግፊት በመቀነስ ሁለቱ ብዙም አይበላለጡም፤ እኔ ኤስኤልቲን የማስቀድመው ኃይሉ ሲደክም ሊደገም ስለሚችል ነው። ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል የሚያዳክመው ዳዮድ ሌዘር ደግሞ በአብዛኛው ሌላው ሁሉ አልበጀው ላለ ዓይን የሚቆይ ነው።

በታንዛኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ለእኛ ኑሮ ቅርብ ነው። ከዓመት በኋላ ሕክምናው የሠራው ቲሞሎል ጠብታ ከተሰጣቸው ዓይኖች በ31 በመቶው፣ ኤስኤልቲ ከተደረገላቸው በ61 በመቶው ነበር። ሌዘሩ ከሠራላቸው ከሦስቱ አንዱ ግን ተደግሞላቸዋል። ይህን ለታካሚው ሳትነግሩ አታስፈርሙት። የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ ሌዘሩ የቀረውን ለመጠበቅ እንደሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ሊደክም እንደሚችልም ንገሩት። ከሌዘሩ በኋላ ግፊቱ ለሰዓታት ሊሻቅብ ስለሚችል ሳትለኩ አትሸኙት።

ቀጠሮውን ከገበያ ቀኑ ጋር አጋጥሙለት፤ ለሁለት ጉዳይ አንድ ጊዜ ይሳፈራል። ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ አጅቦት የመጣውንም ልጅ አስቀምጣችሁ ለኩ። የእኚያ አባት የበኩር ልጅ ስንት ጊዜ ደጅ ላይ ቆሞ ጠብቋቸዋል! ግፊቱ 28 መሆኑን ያወቅሁት ግን በ41 ዓመቱ ለራሱ መነጽር ሊያሠራ ሲመጣ ነው።