«ያለ ነው» ከማለታችን በፊት

ልጆቼ፣

አዋላጅ ነርስ ሆኜ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ከአፌ አዘውትሮ የወጣ ቃል ቢኖር «ያለ ነው» የሚለው ነው። ወገቤን አመመኝ፤ ያለ ነው። ቃር ፈጀኝ፤ ያለ ነው። እግሬ አበጠ፤ ያለ ነው። ውሸት አልነበረም። ግን ሴቲቱ ለምን እንደሚያማት ሳታውቅ ትሄዳለች። የቱ ሊያስደነግጣት እንደሚገባም ሳታውቅ ትሄዳለች። ያኔ ለነሱ ያልነገርኳቸውን አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ። ለወንዶቹም ጭምር ነው የምጽፈው፤ ከጎኗ የምትሆኑት እናንተ ናችሁና።

ሆድ ሲገፋ ሰው ሁሉ ይራራል። መቀመጫ ይለቅላታል፣ ዕቃዋን ይቀበላታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚራራላትም የለም። ሰውነቷ ግን ሌት ተቀን የሚሠራው ያኔ ነው። የፅንሱ ልብ መምታት የሚጀምረው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ አንዳንዷ እርጉዝ መሆኗን እንኳ ገና አላረጋገጠችም። እንግዴ ልጁም ከዜሮ እየተሠራ ነው። በሽንት ምርመራ የሚታየው ሆርሞን በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ማቅለሽለሹም በዚያው ሰሞን ይመጣል፣ ብዙዎቹን ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃቸዋል። የጠዋት ብቻ ነው የሚባለው ልክ አይደለም፤ ማታም ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ የሚይዛትም አለች። ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ከጣላት ሰነፈች አትበሏት። ሳትታይ ስትሠራ ነው የዋለችው። ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልቆይ ካለ፣ ሽንቷም ካነሰና ከጠቆረ ግን ሐኪም ጋ ውሰዷት። ያ «ያለ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ደሟን ልንገራችሁ፤ እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ እሱ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልቧም ይህን ሁሉ ለማዘዋወር ቶሎ ቶሎ ይመታል። ታዲያ ቶሎ የሚጨምረው የደሙ ውሃ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎቹ እኩል አይደርሱበትም። ስለዚህ ደሙ ይቀጥናል። የተወሰነው መቅጠን የተፈጥሮ ነው፤ ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሟ ክፍል፣ ከ11 በታች ከወረደ ግን ደም ማነስ እንለዋለን። አይረንና ፎሊክ አሲድ የሚታዘዝላት ለዚህ ነው። ፎሊክ አሲዱ ለልጁ ነርቭና አከርካሪም ስለሚያስፈልግ፣ ቢቻል ከማርገዟ በፊት ብትጀምረው ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ብዙዎቹ ክኒኑን ይወስዱና በሳምንቱ ያቆሙታል። ሲጠየቁ «እየወሰድኩ ነው» ይላሉ። ነገሩ የገባኝ አንዷ አፍራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትነግረኝ ነው። ሰገራዋ ጠቁሮ አይታ ውስጤ ደማ ብላ ደንግጣለች። ክኒኑንም መሳቢያ ውስጥ ወርውራዋለች። አይረን ሰገራ ያጠቁራል፤ ሆድም ያደርቃል። ይህን ክኒኑን ስሰጣት ብነግራት ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ክኒን አትከርምም ነበር። እናንተ ግን አሁን አወቃችሁ። ሆዷ ከደረቀ ውሃ ታብዛ፣ እንቅስቃሴ ታድርግ፤ ካልሆነም ለአዋላጇ ትንገር። ሳትናገር ግን አታቁመው።

ቃሩና የሆድ ድርቀቱ አንድ እናት አላቸው፤ ፕሮጄስትሮን ይባላል። ማህፀን ያለ ጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻውን የሚያላላው ይህ ሆርሞን ነው። ሥራው ማህፀን ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን የሆድ ዕቃውንም አብሮ ያላላል። የጨጓራ በር ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። አንጀት ሲዘገይ ሆድ ይደርቃል። የሽንት መስመሩም ስለሚላላ ሽንት ይቆያል፤ ኢንፌክሽን በቀላሉ የሚይዛት ለዚህ ነው። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ቶሎ መታከም አለበት፤ ወደ ኩላሊት ከወጣ ምጥን ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል። በሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራትም ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው። ሆርሞኑ አንጎሏን «በደንብ ተንፍሽ» ስለሚለው ነው፤ ለሁለት እየተነፈሰች ነዋ።

ማህፀኗ እርግዝና ከመምጣቱ በፊት ጭብጥ የሚያክል፣ 70 ግራም የማይሞላ ነገር ነው። ሲጨርስ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያውም ልጁን ሳንቆጥር። በ12ኛው ሳምንት ከብልት አጥንት በላይ ብቅ ሲል መዳፌን ጎን አድርጌ ስጫን ጠንከር ያለ ኳስ ሆኖ ይዳሰሰኛል። በ20ኛው ሳምንት እምብርቷ ጋ ይደርሳል። በ36ኛው ደረቷ ሥር ይጠጋል። ከዚያ የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ሲገባ «ሆዷ ወረደ» እንላለን። ያኔ ትንፋሿ ይከፈትላታል፤ ሽንት ቤት መመላለሱ ግን ይብስባታል። የመጀመሪያዋ ከሆነ የልጁን እንቅስቃሴ የምትሰማው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ነው። «ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተርገበገበ፣ ንፋስ መስሎኝ ነበር» ብለው ሲነግሩኝ ፊታቸውን ማየት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

ወደ መጨረሻው ስትቃረብ በጀርባዋ ባትተኛ ጥሩ ነው። ማህፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ቧንቧ ይጫነዋል፤ ለዚያ ነው በጀርባዋ ስትሆን የሚያዞራት። በጎኗ ትተኛ። በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ብታደርግ ወገቧንም ያሳርፍላታል።

ፊቷ ላይ ማድያት ቢወጣ፣ ከእምብርቷ ወደ ታች ጥቁር መስመር ቢታይ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሸንተረሩ ግን ይሳሳል እንጂ አይጠፋም። ያጠፋል ለሚባል ቅባት ገንዘባችሁን አታውጡ።

አሁን ከባዱን ልናገር። ወጣት ሳለሁ አንዲት ስምንተኛ ወሯን የያዘች ሴት መጣች። ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል፣ ቀለበቴ አልወልቅ አለኝ አለችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። የደም ግፊት መለኪያው ሌላ ክፍል ነበር። «እብጠቱ ያለ ነው፣ ራስ ምታቱ ከድካም ነው፣ እረፊ» ብዬ ሸኘኋት። በር ላይ ስትደርስ አንዲት ታላቅ የሥራ ባልደረባዬ ፊቷን አየችና መለሰቻት። ግፊቷ 170 በ110 ነበር። ማንቀጥቀጥ ሳይጀምራት መድኃኒቱ ደረሰላት፤ በማግስቱ ወለደች፤ ሁለቱም ተረፉ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ቀለበቷን በሳሙና ለማውለቅ ስትታገል ዛሬም ትታየኛለች።

ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ፣ ኩላሊትን፣ ጉበትን ወይም ሌላ አካልን ሊጎዳ የሚችል የእርግዝና ሕመም ነው፤ ግፊቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እንጠነቀቃለን። ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነው የሚጀምረው። ደህና ነኝ እያለች እንኳ ክትትሏን እንዳታቋርጥ የምንለምናት ለዚህ ነው። ማታ ማታ እግር ቢያብጥና ጠዋት ቢጎድል ያለ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይን ከጋረደ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ካመመ ግን ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቁ። ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሲገላበጥ የከረመ ልጅ ዝም ካለም እንደዚያው። መጥታችሁ ምንም ባይሆን ማንም ቢቆጣችሁ አትስሙት።

ከወለዱ በኋላ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «ሰውነቴ መቼ ይመለሳል?» ማህፀኑ ይፈጥናል። በወለደች ዕለት እምብርቷ ጋ የነበረው በየቀኑ የጣት ስፋት ያህል ይወርዳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጅ አይገኝም። ደሙም በሳምንታት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለሳል። ፀጉሯ በሦስተኛው ወር ገደማ በእፍኝ ይነቀላል። በእርግዝናው ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው፤ እየቆየ ይተካል። ሆዷ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ወር የተለጠጠን ጡንቻ በስድስት ሳምንት አትጠይቁት። የእግር መዳፍ ደግሞ በክብደቱና በጅማቱ መላላት ጠፍጠፍ ይልና የአንዳንዷ በዚያው ይቀራል። አንዷ ልጇ ዓመት ሊሞላው ሲል ልታስከትበው መጣችና የድሮ ጫማዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። «ይሄ አልገባ አለኝ፤ አሞኝ ይሆን?» አለችኝ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።